ደሴ ላይ ካፌ ልንከፍት ነው፤ ማሽኑ ተገዛ፣ ጀበናው ግን አጨቃጨቀን

ፒያሳ_ጥግ (ክሩን የከፈተ)
ሰላም ቤተሰብ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጠበብ ያለች ቤት ተከራይተን ካፌ ልንከፍት ነው፣ እኔና የአክስቴ ልጅ። ማሽኑ ያገለገለ ነው። ባለ ሁለት ግሩፕ (ቡና የሚወርድበት ሁለት ራስ ያለው)፣ ጣሊያን ሠራሽ። መፍጫውም አብሮ መጥቷል። እስከዚህ ድረስ ተስማምተን ነው የመጣነው።

ጭቅጭቁ የጀመረው በሩ ጋ ምን እናድርግ ስንል ነው። እሷ "ቄጤማ ጎዝጉዘን፣ ረከቦት ዘርግተን፣ ጀበና ካልጣድን ወሎ ላይ ካፌ ከፈትን አንልም" ትላለች። እኔ ደግሞ ጀበናማ በየመንገዱ አለ፣ እናቶች በርጩማ ደርድረው እየሸጡ እኛ ምን ልንጨምር ነው ባይ ነኝ። ማሽኑን በደንብ ብንችለው ይበቃናል።

በዚህ ላይ ማሽኑን የገጠመልን ልጅ ሌላ ጣጣ አመጣ። "የኤስፕሬሶ ባህሉ ይሄ ነው፦ ለአንድ ሲኒ 7 ግራም፣ 25 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ ሊትር። ከዚህ ከወጣህ ኤስፕሬሶ አይባልም" አለኝ። አዲስ አበባ ስልጠና የወሰደው ጓደኛዬ ደግሞ "ያ ድሮ ቀረ፣ 18 ግራም አስገባና 36 ግራም አውጣ" ይለኛል። የአክስቴ ልጅ ይሄን ሰምታ ሳቀችብኝ። "የጣሊያን ባህል ሲሆን ሰከንድ ትቆጥራለህ፣ የእናትህ ሲሆን በየመንገዱ አለ ትላለህ" አለችኝ። ምን ልበላት?

ጥያቄዬ ይሄው ነው። ከባህሉ የቱ ነው የግድ መያዝ ያለበት፣ የቱስ ቢቀር ምንም አይልም? ጀበናውም ማሽኑም ላይ ንገሩኝ።

በረካ_ሳልጠጣ
እህትህ ልክ ናት። ክሩ ይዘጋ።
(ቀልዴን ነው፣ አይዘጋ። ዛሬ ሥራ የለኝም።)

ኮምቤ_ሙቀት
ደሴ በዚያ ብርድ ምንም ብትሸጡ ይጠጣል፤ አትጨነቅ። ውኃ አፍልታችሁ ብትሰጡም ሰልፍ ነው።

መምህር_ከሆጤ
ልጄ፣ የገጠመልህ ልጅ "ባህሉ" ባለው ነገር ላይ ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው ኤስፕሬሶን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ይዘውት መጥተው ትተውልን የሄዱት አድርጎ ያስበዋል። ፒያሳ የሚለው ስምም ያሳስታል። ቀኑን ግን ልብ በሉ። የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። የወጣው ሚያዝያ 1933 ነው። በዚያ ጊዜ በዓለም ላይ በብዛት የነበረው የቡና ማሽን በእንፋሎት የሚሠራው ነው፤ ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 ሚላኖ ላይ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት፣ ዴዚዴሪዮ ፓቮኒ ገዝቶት ለገበያ ያወጣው ዓይነት። ቁመቱ ረጅም፣ አናቱ ጉልላት የመሰለ፣ ሲያዩት ግርማ ያለው ነገር ነው። ግፊቱ ግን ደካማ ነበር። እንፋሎቱ ስለሚነካው ቡናው አረር አረር ይላል። ዛሬ "ክሬማ" የምንለው ወፍራም አረፋ አልነበረውም።

ክሬማውን ያመጣው አኪሌ ጋጃ ነው። በሞላ የሚሠራ ረጅም እጀታ ያለው ማሽን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1948 ገበያ ላይ አዋለው። ጣሊያን ከደሴ ከለቀቀ ዓመታት በኋላ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ደንበኞቹ ራሳቸው አረፋውን ጠርጥረውት "ይሄ ምን ዓይነት ዝቃጭ ነው" ይሉ እንደነበር ይወራል። በፓምፕ በ9 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚገፋው ፋኤማ ኢ61 የተባለው ማሽን የመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ያንተ ማሽን የዚህ የልጅ ልጅ ነው። እንግዲህ "ባህሉ" የተባለው 25 ሰከንድ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ እኔ ደግሞ ገና ጡረታ መውጣቴ ነው።

የኛንም ቢሆን ሁሉም ቤት እኩል አላረጀም። በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቡና የእስላም መጠጥ እየተባለ ይነቀፍ ነበር። ነገሩ እየላላ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሡ ራሳቸው ይጠጡ ነበር። ሙስሊሙ ወሎዬ ቤት ግን ቡናና ዱዓ ከዚያ በፊትም አብረው ኖረዋል። እንደ ጀማ ንጉሥ ባለው ቦታ መንዙማው ሲያድር የሚያነቃው ቡናው ነው። ዛሬ ሁለቱም ቤት ቡና ተጠጥቶ ሳይመረቅ አይነሳም። ይሄ መዋሐድ ራሱ ወሎ ነው፤ ማንም ደንብ አውጥቶ ያመጣው አይደለም።

በረካ_ሳልጠጣ
መምህር፣ እርስዎ ሲጽፉ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ግን ሸጋ ነው።

ሸዋ_በር_ቡና
እኔ እዚሁ ደሴ፣ ሸዋ በር ጀበና እሸጣለሁ። በርጩማ ደርድረው የተባሉት እኔን መሰሎቹ ነን። አልተቀየምኩም።

የካፌ ጀበና ግን እንዴት እንደሚያናድደኝ ልንገርህ። በር ላይ ፕላስቲክ ሳር ያነጥፋሉ። ልጅቷን ቀሚስ ያለብሷታል። ረከቦቱ ላይ ሲኒው ይደረደራል፣ ማንም አይጠጣበትም፣ አቧራ ይጠጣበታል። ቡናው በላስቲክ ዕቃ ተፈጭቶ የመጣ ነው። ከሰሉ የለም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። ዕጣኑ ብቻ ከልኩ በላይ ይጨሳል፣ ሌላው ጉድለት እንዳይሸት። ይሄ ለፎቶ ነው እንጂ ለቡና አይደለም። ይሄንን ልታደርጉ ከሆነ የአክስትህን ልጅ ተዋት፣ ማሽንህን ይዘህ ሥራ።

ሰው ፊት መቁላት ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ለጭሱ ብቻ አይደለም። ተፈጭቶ የመጣ ቡና ውስጥ ገብስ ይኑር፣ ሽምብራ ይኑር ማን ያውቃል? ፊትህ ሲታጠብ፣ ሲቆላ፣ ሲወቀጥ ግን ዓይንህ ያያል። ብረት ምጣዱን ይዤ ሳዞርላችሁ በእጃችሁ ጭሱን ወደ አፍንጫችሁ ትስቡ የለ? ያ ምርመራ ነው። የከረመ ቡና እዚያው ይለያል። ያረረም ይለያል። ደንበኛዬ ፊቱን ካጨማደደ አውቃለሁ።

ጀበናዋም እንደዚያው ናት። ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ ቀጭን የሆነው ለውበት አይደለም። ከእሳት ወርዳ ማቶቷ ላይ ዘንበል ብላ ስትሰክን አተላው ሆዷ ውስጥ ይቀራል። ስትቀጂ ቀስ ብለሽ፣ ሳታቋርጪ ነው። እጅሽን አንስተሽ ጀበናዋን መልሰሽ ካቆምሻት አተላው ይነሳል፣ ያ ጀበና አለቀለት። አንዳንዷ ውታፍ ትጨምርበታለች። እኔ ካሰከንኩት ውታፍ አልፈልግም።

ፒያሳ_ጥግ
እትዬ፣ በርጩማ ያልኩትን ይቅርታ። ፕላስቲክ ሳር እኔም አልወድም። ግን አንድ ነገር ገረመኝ፤ እንደርስዎ ከሆነ ዛሬ የተቆላ ቡና ነው የሚሻለው። እኔም ይሄንኑ አምኜ ትናንት አስቆልቼ ማሽኑ ላይ ሞከርኩት፤ ምንም አልጣመኝም። አረፋው ብቻ ነው።

ማሽን_ጠጋኝ
ኮምቦልቻ ነኝ፣ ደሴም እየወጣሁ ማሽን እጠግናለሁ። እዚህ ላይ ጀበናና ማሽን ይለያያሉ።

ቡና ሲቆላ ውስጡ ጋዝ ይታመቃል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ጀበና ውስጥ ይሄ ችግር የለውም፣ ሲፈላ ወጥቶ ይሄዳል። ማሽን ላይ ግን ውኃው ቡናው ውስጥ የሚያልፈው በ9 ባር ግፊት ለሃያ ምናምን ሰከንድ ብቻ ነው። ጋዙ ውኃውን ይገፋዋል፣ አንዱ ጋ በርግዶ ያልፋል፣ ሌላው ጋ ጭራሽ አይደርስም። አረፋው ሲኒውን ይሞላዋል። ቀረብ ብለህ ብታየው ትልልቅ ዓይን አለው፣ ወዲያው ይጠፋል፣ ሥሩ ያለው ቀጭንና ጎምዛዛ ነው። ጥሩ ክሬማ ዓይኑ አይታይም፣ ስኳር ስትነሰንስበት ትንሽ ይሸከመዋል። ስለዚህ ለማሽን የተቆላውን ሳምንት ገደማ አሳርፈው። ለጀበና እንደ እትዬ አድርግ። "ትኩስ ይሻላል" የሚለው ለአንዱ እውነት ነው፣ ለሌላው አይደለም።

አሁን ወደ ገጠመልህ ልጅ ልምጣ። ልጁ ቁጥሩን ሸምድዷል፤ ምክንያቱን ማንም አልነገረውም።

7 ግራም የጣሊያን ነው። እነሱ ጠቆር አድርገው ይቆላሉ፣ ብዙ ጊዜም ሮቡስታ የሚባለውን መረር ያለ የቡና ዝርያ ይቀላቅሉበታል። የጠቆረ ቡና ጣዕሙን ቶሎ ይለቃል፣ ትንሹ ይበቃዋል። 18 ግራም (ይሄ ለድርብ ሲኒ ነው) የሚሉት ደግሞ ሳሳ አድርገው የሚቆሉት ናቸው። እንዲህ ያለው ቡና ጠጣር ነው፣ ጣዕሙ በቀላሉ አይወጣም። አንተ ምን ዓይነት ቡና ነው የምትቆላው? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ፤ ግራሙ ከዚያ ይመጣል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነች። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ነው። አየሩ ሲሳሳ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እኛ ጋ 94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እናንተ ጋ 92 ሳይሞላ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን ስትወርድ ሁለት ዲግሪ ተጨመረልህ ማለት ነው። ለዚህ ነው ደሴ ላይ ጀበና እሳት ላይ ቆየት ማለት ያለበት። እትዬ ይሄንን በልምድ ያውቁታል፣ ቴርሞሜትር አያስፈልጋቸውም።

ማሽኑ ዝግ ስለሆነ ቦይለሩ (የውኃ ማሞቂያ ጋኑ) ውስጥ ውኃው ከመቶ በላይ ይሞቃል። ሆኖም ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ሚላኖ ላይ ጌጁ 1 ባር ሲል ቦይለሩ 120 ዲግሪ ገደማ ነው። ደሴ ላይ ያው 1 ባር 116 ገደማ ነው የሚሆነው። ጌጁን ብታየው ልክ ነው ይልሃል። ቡናው ግን ቀዝቀዝ ብሎ ይወጣል፣ ይጎመዝዛል። እኔ ደሴ ላይ ስገጥም ወደ 1.2 ከፍ አደርገዋለሁ። ትርፍ ግፊት የሚያስወጣውን ሴፍቲ ቫልቭ ግን እንዳትነካ፣ እሱ የነፍስ ነው። ማስተካከያውንም የሚያውቅ ሰው ይንካው።

ኮምቤ_ሙቀት
ይኸው! ኮምቦልቻ ውኃው እንኳን ከደሴ ይበልጥ ይሞቃል። ስንል አትሰሙም።

በረካ_ሳልጠጣ
ሁለት ዲግሪ ይዘህ ሐረጎን ውጣና ና፣ እስክትደርስ ይበርድልሃል።

ሚላኖ_ወሎዬ
ሰላም ለወሎ። እኔ ሚላኖ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ከቡና ጋር አይገናኝም፣ ጠጪ ነኝ ብቻ። እዚህ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ጣሊያን ቡናውን ባንኮኒ ላይ ቆሞ በሁለት ጉንጭ ጨርሶ ይሄዳል። ከተቀመጥክ ዋጋው ይጨምራል። ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ ስታዝ ያዩሃል። እነሱ ይሄን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ነው የሚቆጥሩት።

መቆሙ ግን የመጣው ከኪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣ ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ እንዲያስቀምጡ ፈቀደ። ያለ አስተናጋጅ የሚቀርብ ቡናም እዚያ ውስጥ ገባ። ቆሞ መጠጣት ረከሰ። ሰዉም ቆሞ ቀረ። ቆይቶ ባህላችን አሉት። ክፉ ነገር ነው እያልኩ አይደለም፤ ጠዋት ሠራተኛውም ጠበቃውም ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሲጠጡ ደስ ይላል። ከየት እንደመጣ ማወቁ ግን ይጠቅማል፣ አንተም ጠባብ ቤት ነው የተከራየኸው።

ስለ ማኪያቶ ደግሞ፦ እዚህ ማኪያቶ ስታዝ የሚመጣልህ ኤስፕሬሶ ላይ ጠብ ያለ ወተት ነው። ያ በብርጭቆ የሚመጣው፣ ከታች ወተቱ፣ መሀሉ ቡናው፣ ከላይ አረፋው ተለይቶ የሚታየው፣ እሱን እዚህ ላቴ ማኪያቶ ነው የሚሉት፤ ማኪያቶ ብቻ ብለን የምንጠራው እኛ ነን። ስፕሪስማ ብትነግራቸው ቡናና ሻይ አንድ ላይ? ብለው ያማትባሉ። ስለዚህ ፒያሳ_ጥግ፣ የጣሊያን ማሽን ስለገዛህ ጣሊያን መሆን የለብህም። ደሴ ማሽኑን ወስዳ የራሷን መጠጥ ሠርታበታለች።

አንድ ሌላ ነገር። ቱርክ ቡናዋን ዩኔስኮ ላይ ያስመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የዓረብ አገሮቹ የዓረብ ቡና ብለው በ2015። ጣሊያን ውስጥም ኤስፕሬሶን ለማስመዝገብ ጥረት ነበር። እኛ ጀበና በር ላይ ይቀመጥ አይቀመጥ እንጨቃጨቃለን።

በረካ_ሳልጠጣ
ዩኔስኮ ቢመዘግበውም ባይመዘግበውም እናቴ ጀበናዋን አታወርድም። እሱን ተወውና እኔን የሚቆረቁረኝን ልናገር።

የካፌ ጀበና አንድ ሲኒ ነው። አቦል ጠጣህ፣ ከፈልክ፣ ውጣ። ቶና የታለች? በረካ የታለች? ሦስት ሲኒ የሌለው ጀበና እንዴት "ባህላዊ ቡና" ተብሎ ይጻፍበታል? ከማሽኑ በምን ተለየ? እንደውም ማሽኑ ይሻላል፤ አይዋሽም።

ሸዋ_በር_ቡና
ልጄ፣ በረካ ይሸጣል እንዴ? ቤት ያለ ቡና ሌላ ነው። ቤት ውስጥ አጣጪህን ጠርተህ፣ ቆሎውን አቅርበህ፣ ሦስተኛው ሳይጠጣ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ይታዘቡታል። እኔ ጋ የሚመጣው ሹፌር ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ሰኞ ገበያ የሚሄድ ነው። ሦስተኛ ጠብቅ ብለው ይሰድበኛል። ለቋሚ ደንበኞቼ ቶና አልነፍግም፤ ውኃ ጨምሬ ከዚያው ዱቄት አወጣላቸዋለሁ፣ አላስከፍልም። በረካ ግን የጎረቤት ነው።

ፒያሳ_ጥግ
እኔ ሦስት ሲኒ ለሚጠጣ ሰው ወንበር ከሰጠሁ ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል? ስድስት ጠረጴዛ ነው የሚይዘው ቤቱ። ቀልድ አይደለም።

ሚላኖ_ወሎዬ
ለዚህ ነው የጣሊያኑን መቆም የነገርኩህ። ጠዋት ባንኮኒ፣ ቆሞ፣ በማሽን፣ ረከስ ብሎ። ከሰዓት ወንበር።

የአክስት_ልጅ
ሰላም። ስሜ በክፉ የተነሳብኝ የአክስት ልጅ እኔ ነኝ። እስካሁን እያነበብኩ ነበር፣ አሁን ግን አካውንት ከፈትኩ።

እኔ ፕላስቲክ ሳር አላልኩም። ቀሚስም አላልኩም። ያልኩት ጀበና ይኑር ነው። የእትዬን ሳነብ ልቤ ነው የቆመው፣ እኔ በቃል ያልቻልኩትን ነው የጻፉት። በርጩማ የሚደረድሩትን እንወዳደር አላልኩም፤ እንደውም አንዷን እናስገባ ነው ያልኩት። ቦታ በነፃ እንስጣት፣ ቡናው የራሷ፣ ገንዘቡ የራሷ። እኛ ማሽኑን እንያዝ። እሱ ይሄንን ለምን እንዳልጻፈ ጠይቁት።

በረካ_ሳልጠጣ
ኧረ ጉድ! ፒያሳ_ጥግ፣ ና ውጣ።

ፒያሳ_ጥግ
አልጻፍኩትም ምክንያቱም ገና አልተስማማሁበትም። እሺ፣ አሁን ስሰማው መጥፎ አይደለም። ቤት ውስጥ ከሆነ ከሰሉ ያሳስበኛል፤ ጠባብ ቤት፣ በር ሲዘጋ ጭሱ ያፍናል። በሩ ጋ፣ ከውጭ በኩል ከሆነ ይሁን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ጠዋት የማሽኑ ነው።

ማሽን_ጠጋኝ
ከሰሉ ላይ ልክ ነህ፣ ቤት ውስጥ እንዳይገባ። የከሰል ጭስ ሳይታይም ይገድላል፣ ራስ ምታት ሲጀምራችሁ ቡና አማረኝ ብላችሁ አትቀልዱበት።

ሌላው፣ መብራት ሲጠፋ ማሽንህ ብረት ብቻ ነው። ሲመለስም ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ያኔ በር ላይ ያለችው ጀበና ናት ካፌህን ክፍት የምታደርገው። ይሄን ለብቻው እንኳን ብታስበው የአክስትህ ልጅ አሸንፋለች። ውኃው ላይ ደግሞ ማጣሪያ አስገባ፤ የጉድጓድ ውኃ ከሆነ ኖራው ቦይለሩን ይደፍነዋል። ደሴ ላይ የከፈትኩት አንድ ቦይለር ውስጥ እንደ እንቁላል ቅርፊት የወፈረ ነጭ ድንጋይ አውጥቻለሁ። ማሽኑ ለዓመታት እየጮኸ ነበር፣ ማንም አልሰማውም።

መምህር_ከሆጤ
ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እኔ እመጣለሁ። ቡናው በጨው ይሁንልኝ፣ የገጠር ልጅ ነኝ። ጨው ይኖራል?

ኮምቤ_ሙቀት
መምህር፣ ጨው? በዚህ ዘመን?

መምህር_ከሆጤ
በዚህ ዘመን። ስኳሩ ነው በኋላ የመጣው፣ ጨው አይደለም። እናቴ ጤና አዳም ጣል አድርጋበት፣ ጨው ቆንጥራ ነበር የምታጠጣን። መራራውን ጨው ይገድለዋል፣ ሞክረው። የማሽኑም ቡና ላይ እንኳን ይሠራል።

ማሽን_ጠጋኝ
እውነታቸውን ነው፣ ይሠራል። በጣም ትንሽ ግን።

ፒያሳ_ጥግ
ቆይ፣ ኤስፕሬሶ ላይ ጨው ካቀረብኩ የገጠመልኝ ልጅ ማሽኑን ነቅሎ ይወስዳል።

የአክስት_ልጅ
ጨውም ጤና አዳምም ይኖራል። እትዬ ሸዋ በር፣ በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ፣ ይመልከቱልኝ።

ሸዋ_በር_ቡና
አይቼዋለሁ ልጄ። ሸዋ በርን ትቼ አልመጣም፣ ደንበኞቼ አሉኝ። የእህቴ ልጅ ግን እጇ ጥሩ ነው፣ ለማሰከን ትዕግሥት አላት። ቅዳሜ እናንተ ጋ ትምጣና ታፍላላችሁ። ቡናውን ራሷ ትገዛለች፣ እናንተ እንዳትገዙ። ቁርሱ ምንድነው?

ኮምቤ_ሙቀት
ቁርሱ ዳቦ ከሆነ እኔም ከኮምቦልቻ እወጣለሁ።